የጥርሴ ሽግሽግ

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ እኩዮቼ ገሚሶቹ ጥርሳቸውን ማስነቀል፣ ገሚሶቹ የልጅ ልጅ ማቀፍ ጀምረው ነበር። እኔ የጥርስ ሽቦ አሰርሁ።

ምክንያቱን በክብር ልናገር ብሞክር አያምርብኝም። ገጣጣ ነበርሁ። ገጣጣነቴን ደግሞ ዕድሜ ልኬን እንደ አቋም ይዤው ኖሬያለሁ። ሰው ሁሉ የሚወደውን መጥላት መተዳደሪያዬ ስለሆነ፣ መልክ ማሳመርንም የምጠላ መስሎኝ ነበር። የመስተዋት ባሪያ ስለሆነው ትውልዳችን ረዘም ያለ ጽሑፍ እንኳ በአንድ መጽሔት ላይ አውጥቻለሁ። ከዚያ የመጀመሪያ መጽሐፌ ታተመና ጀርባው ላይ ፎቶግራፌ ወጣ። አንድ ወዳጄ መጽሐፉን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ይርጋ፣ ጥርስህ ካንተ ቀድሞ ነው የታተመው" አለኝ። ስቄ አለፍሁት። ሳምንት ሳይሞላ የወንድሜ ልጅ ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተንጋልዬ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ዶክተር ትዕግሥት ትባላለች። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የተዛነፈ ጥርስን የማስተካከል ሕክምና እየተማረች ነበር። ሙያው በፈረንጅ አፍ ኦርቶዶንቲክስ ይባላል። አባቷ ቃሉ አልያዝለት ብሎ "ልጄ የኦርቶዶክስ ጥርስ ሐኪም ሆናለች" እያለ ሲያወራ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለ ካህን ሁሉ መርቋታል። የመመረቂያ ጥናቷ የጥርስን ጉዞ መለካት ነበር። ሽቦው ከመታሰሩ በፊት የታካሚው ጥርስ ልክ በጀሶ ይወጣል። ጀሶው በስካነር ይነበብና ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ከወራት በኋላ ሌላ ልክ ይወሰዳል። ከዚያ ሁለቱ ምስሎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ የትኛው ጥርስ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይታያል። ድሮ በጀሶው ላይ በመለኪያ ብረት ይለካ የነበረውን አሁን በኮምፒውተር ሲለኩት ልኬቱ ይታመናል ወይ? ጥያቄዋ ይኸው ነበር። ከታካሚዎቿ ሁሉ ቀጠሮ በማፍረስ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ።

የማፈርሰው ኮርቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ሽቦው ከታሰረልኝ ጥቂት ወራት በኋላ "ሁለተኛ መጽሐፌን ልጽፍ ነው" ብዬ ከአዲስ አበባ ጠፋሁና ታላቅ ወንድሜ፣ የትዕግሥት አባት አያ ስመኘው ቤት ገባሁ። መንደሩ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገንጠል ብሎ ያለ ነው። እዚያም ስናገር አፌን በጋቢ ጫፍ እሸፍናለሁ፤ ስበላ ለብቻዬ ነው። መንደርተኛው መጀመሪያ የተማረ ሰው ጠባይ ነው ብሎ ተወኝ። ቆየት ሲል ደግሞ ሊመንን ነው ተባለ። በጽሑፍ ያላገኘሁትን ከበሬታ በመሸፋፈን አገኘሁት።

አሁን ስለ መሬቱ ልንገራችሁ።

ወንድሜና ጎረቤቱ አያ ደምሌ በማሳ ድንበር ምክንያት ለዓመታት ተኳርፈዋል። ደምሌ የሚያርሰው ማሳ ድሮ የአባታችን ነበር። አዲሱ መንግሥት በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በክልላችን መሬት በገመድ እየተለካ ከአንዱ ላይ ተነሥቶ ለሌላው ሲሰጥ ለደምሌ ደረሰው። ያ ነገር "ሽግሽግ" ይባል ነበር። እስከ ዛሬም በእኛ አገር ሽግሽግ ሲባል አንዱ የተወሰደበት ይቆጨዋል፣ ሌላው የሰጡኝን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ይደነግጣል። ያን ጊዜ ታዲያ በሁለቱ ማሳ መካከል በሬ ተጋድሞ የሚያመነዥግበት ያህል የሣር ድንበር ተትቶ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ ሣሩ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ወንድሜ "ደምሌ በላው" ይላል። ደምሌ "ስመኘው በላው" ይላል። ባለፈው ክረምት ጠብመንጃ እስከ መደጋገን ደረሱ፤ ደምሌም ጥቂት ቀን ወረዳ ታስሮ ተፈታ። ሽማግሌዎቹ ስንት ጊዜ ተመላልሰው፣ ስንት ጊዜ ተለምነው፣ የዕርቅ ቀን ተቆረጠ። ቦታው ወንድሜ ቤት ሆነ። ዕርቁ ቢፈርስ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁለቱም ዒላማ የማይስቱ ሰዎች ናቸው።

ትዕግሥት ለዕርቁ ከአዲስ አበባ መጣች። ለአባቷ ኮት፣ ለእኔ ጀሶ ይዛ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ካልመጡ እኔ መጣሁ" አለችኝ በዕርቁ ዕለት ማለዳ፤ የልክ መውሰጃ ዕቃዋን የያዘ ቦርሳ አንጠልጥላ። ብርሃኑ ጥሩ ነው ብላ ጓሮ፣ አጥሩ ሥር፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ልክ ከመውሰዷ በፊት ከአዲስ አበባ ሳልጠፋ የወሰደቻቸውን ሁለቱን ልኮች ልታሳየኝ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። የኔው ጥርሶች፣ የኔው ገጣጣነት፣ በሰማያዊና በነጭ ተስሎ ከፊቴ ተሽከረከረ።

"ሙቭመንቱ በጣም ደስ ይላል ጋሼ። ሱፐርኢምፖዝ ስናደርገው ካናይኑ..."

"ቆይ ቆይ! አማርኛ ምን አደረገሽ?"

ይህ ሌላው አመሌ ነው። የፈረንጅ ቃል በሰማሁ ቁጥር ምትክ ካላወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

"ታዲያ ሙቭመንትን ምን ልበለው?"

"ሽግሽግ!" አልሁ፤ ጓሮው እስኪያስተጋባ። ቃሏ ጣፈጠችኝ። "ጥርስ ተሸጋሸገ። ሽግሽጉ ተለካ። ምን ይጎድላታል?"

ትዕግሥት ታዛዥ ናት፤ ከኔ ጋር መከራከር ቀኑን እንደሚፈጅም ታውቃለች። ቃል በቃል እንዲህ ተባባልን፦

"እሺ፣ ሽግሽጉን ለክቼዋለሁ። መጀመሪያ ከጎን የነበሩትን ሁለቱን ነቅለን አስወጣን። ቦታው ባዶ ሆነ። አሁን የፊተኛው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ባዶውን ቦታ እየያዘ ነው።"

"ሳይታወቅ!" አልሁ ተደስቼ።

"ሳይታወቅ። ባንድ ጊዜ ከተገፋ ሥሩ ይጎዳል።"

"ኋለኛውስ?"

"ኋለኛውማ ታስሯል። ግን እሱም ቀስ እያለ ወደ ፊት እየገባ ነው። ካስቸገረን ብረት እንጨምርለታለን።"

"ጨምሪለት እንጂ! ምን ያስፈራል?"

"እስከ ፋሲካ ክፍተቱ ጨርሶ ይዘጋል።"

እባካችሁ ይህን ንግግር አንድ ጊዜ ድገሙት። ግን እንደ ታካሚ ሆናችሁ አይደለም፤ ከአጥሩ ማዶ እንደቆመ፣ ታስሮ እንደተፈታ ባለ መሬት ሆናችሁ አንብቡት።

ደምሌ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር። ለዕርቁ የሚታረደውን በግ ቀደም ብሎ ሊያደርስ እየጎተተ መጥቶ፣ ሽግሽግ የምትለውን ቃል ሲሰማ እግሩ ተተከለ። እስከ መጨረሻው አዳመጠና በጉን ይዞ ተመለሰ። እኛ ምንም አላየንም። ልክ ልትወስድልኝ ዱቄቱን ስትፈታ ወንድሜ "እንግዳ መምጣት ጀመረ፣ ግቡ!" ብሎ ጠራን፤ ነገሩ ለከሰዓት ተላለፈ።

እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎቹ ተሟልተው ተቀመጡ። ጠላው ተቀዳ። የደምሌ መቀመጫ ብቻ ባዶ ነው። የሽማግሌዎቹ አውራ መሪጌታ ክንዴ የሰፈሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። እሳቸውም በደምሌ ቤት በኩል ዞረው ነበርና መጨረሻ ላይ ደረሱ። ቆመው መርቀው፣ ሳይቀመጡ ቀሩ።

"ደምሌስ የኔታ?" አለ ወንድሜ።

"ደምሌ ቀርቷል። 'ጠላ እያጠጡ ሊያዘናጉኝ ነው' ይላል። 'ጥርስ እያሉ የሚያወሩት ስለ ማሳዬ ነው፤ ልጅቱ በኮምፒውተር ለክታው መጥታለች፤ እስከ ፋሲካ ሊውጡኝ ቀን ቆርጠዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ' ይላል። ከማን ሰማህ ብለው፣ 'ከይርጋ' አለኝ።"

የሁሉም ዓይን ወደኔ ዞረ። የየኔታ ዓይን ግን ቁጣ አልነበረበትም። ያበራ ነበር።

"አንተ ይርጋ፣ እንዲህ ያለ ቅኔ ትቀኝ ኖሯል? ሰሙ ጥርስ፣ ወርቁ መሬት! 'ሁለቱን ነቅለናል' ስትል ለመንገዱ ሥራ ከቦታቸው የተነሡትን ሁለቱን ጎረቤቶች ነው። 'ኋለኛው ታስሯል' ደምሌ። 'ካስቸገረ ብረት' ያው ጠብመንጃው። ሥራው ክፉ ነው፤ አዘራረፉ ግን..." አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚህ ላይ የሚጠበቅብኝ "የኔታ፣ ጥርስ ነው ያልሁት" ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን ያን ታላቅ ሰው እያየሁ፣ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የነበረ አንባቢ በመጨረሻ ደረሰልኝ ብዬ፣ ከጋቢው ሥር ፈገግ አልሁ። ትሕትና ያለው ፈገግታ ነበር፤ ደራሲ ሲሞገስ የሚያሳየው ዓይነት። ወንድሜ ከዓይኔ አነበበው።

"አንተ!" አለ። "እውነት ነው ማለት ነዋ! በኔ ቤት፣ በኔ ዕርቅ ቀን፣ የኔን ነገር እያነሣህ ትቀኝበታለህ?"

"ኧረ አያ ስሜ! ጥርስ ነው! ሌላ ምንም የለውም፣ ጥርስ!"

"እንዴታ፣ ጥርስ" አሉ አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን እየዳበሱ። "የገባው ይገባዋል።"

ያኔ ነው የገባሁበት ጉድጓድ ጥልቀቱ የታወቀኝ። ያ ዘመን ነገር በስሙ የማይጠራበት ዘመን ነበር። መጽሔት ላይ ስለ ጅብ ስጽፍ አንባቢ ሚኒስትር ያነባል፤ ስለ ድርቅ ስጽፍ ምርጫ ያነባል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንዴማ ስለ ጅብ ብቻ ጽፌ፣ ሚኒስትሩ ማን እንደሆነ ከአንባቢዎቼ የምሰማበት ጊዜ አለ። "አልካድሁም" እንደማለት ዝም እላለሁ። አሁን ጥርስ ስል ጥርስ ብሎ የሚሰማኝ አንድ ሰው በጎጃም ምድር ጠፋ።

ወንድሜ ተነሣና ከግድግዳው ጠብመንጃውን አወረደ፤ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። "ይምጣ እንግዲህ" አለ። "እሱም ካለ፣ እኔም አለሁ።" ትዕግሥት ቦርሳዋን አነሣችና፣ "ተነሡ ጋሼ፣ ጋሽ ደምሌ ጋ እንሄዳለን" አለችኝ። ምርጫ የሰጠችኝ አይመስልም። የኔታም ተከተሉን። ሲከተሉን ለሽምግልናው ይሁን ቀሪውን ቅኔ ለመስማት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ደምሌ ደጁ ላይ፣ ጠብመንጃውን በጉልበቱ አጋድሞ ተቀምጧል። በጉ ከጎኑ ታስሯል። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። ለየኔታ ብቻ ተነሥቶ ጎንበስ አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

"ጤና ይስጥልኝ አያ ደምሌ" አልሁ በጋቢዬ ሥር።

"የቀረ ቅኔ አለህ?"

"ኧረ እርስዎ! የተነጋገርነው ስለ ጥርስ ነው።"

"ጥርሳችሁ ውስጥ መግባቴን መቼ አጣሁት!"

"እንዲያ ማለቴ አይደለም። የገዛ ጥርሴን ነው የምትለካው!"

"ለክታ ስትጨርስ ልትነክሰኝ?"

"ግሩም" አሉ የኔታ በለሆሳስ። ከኔ ወገን የቆሙ መስሎኝ ነበር።

የማውቀው አማርኛ ሁሉ ከድቶ ለደምሌ ገባለት። ጥርስ ብዬ የምጀምረው ሁሉ መጨረሻው ቂም ይሆናል። ወሬ አለቀብኝና፣ ስሸሸገው የከረምሁትን ነገር አደረግሁ። ጋቢውን ከፊቴ ጣልሁና በጠራራ ፀሐይ አፌን በረገድሁ።

ደምሌ መጀመሪያ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አንገቱን አሰገገ።

"ሽቦ ነው" አለ። "የኔታ፣ ይዩት! አጥረውታል!"

ሚስቱ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

"ማን ነው ያጠረህ?"

"እሷ" አልሁ አፌን እንደከፈትሁ።

"ለምን?"

"እንዲያምርብኝ።"

"በዚህ ዕድሜህ?"

"በዚህ ዕድሜዬ።"

"ለማን?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ለ... ለፎቶግራፍ" አልሁ። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ከሚተካከል ንባብ ያተረፍሁት መልስ ይህ ነበር።

ደምሌ አልሳቀም። "ሽቦውን አየሁ" አለ። "ልኬቱን አላየሁም። ትዕግሥት፣ ጥርስ ከሆነ የምትለኪው፣ ይኸው እኔ ፊት ለኪው።"

ትዕግሥት እጇን ታጠበች፤ የልክ መውሰጃውን ሮዝ ዱቄት በላስቲክ ሳሕን ውስጥ በውኃ በጠበጠችው። እንደ ምርጊት ጭቃ ወፈር ሲል፣ ቅርጹ የፈረስ ኮቴ በመሰለ ብረት ላይ ሞልታ ላንቃዬ ላይ ለጠፈችው። "በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። አይናገሩ፣ ከተናገሩ ይበላሻል።" ከዚያ በአንድ እጇ ብረቱን እንደያዘች በሌላው ላፕቶፑን ወደ ደምሌ አዞረችና ማስረዳት ጀመረች። ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ሞዴል" አለች። እኔም "አምሳያ" ልል ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። ልኩ ተበላሸ። ነቅላ ጣለችውና፣ "ጋሼ፣ በእግዚአብሔር!" ብላ እንደገና በጠበጠች። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ጉሮሮዬን ሞላው፤ ሊያስታውከኝ ደረሰ፤ ዓይኔ አነባ፤ ለሃጬ በአገጬ ወርዶ ጋቢዬን አበሰበሰው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ከፊቴ ቁም ነገር ሲያወሩ እኔ አንዲት ቃል መጨመር አቃተኝ።

"ይኸው ጋሽ ደምሌ" አለች። "ነጩ የድሮው ነው፤ ሰማያዊው ከወራት በኋላ ያለው። እዚህ ጋ ሁለት ጥርስ ወጥቶ ክፍተት ነበር። አሁን እየጠበበ ነው። ማን የዘጋው ይመስልዎታል?"

ደምሌ አየ። "ይሄ የፊተኛው ነዋ። ወደ ኋላ ተገፍቶ ገብቷል።"

"እሱ ሁለቱን ምስሎች የኋለኛው መንጋጋ ላይ አገናኝቼ ስደርባቸው ነው። አሁን ደግሞ የፊተኛው ላይ ላገናኛቸው።" ጣቷን አንቀሳቀሰች። "አሁንስ?"

"እንዴ! አሁንማ የበላው የኋለኛው ሆነ።"

"አዩ? ካንዱ ከተነሣሁ ያ አንዱ የቆመ ይመስላል፤ የሄደው ሁልጊዜ ሌላው ነው።"

የኔታ ጎንበስ ብለው ገቡበት። "ታዲያ እውነቱን ከምኑ ተነሥተሽ ታውቂያለሽ?"

"ከሁለቱም አልነሣም የኔታ። ላንቃ ላይ፣ ከፊት ጥርስ ኋላ፣ ሸንተረሮች አሉ። በምላስዎ ይንኩት እስኪ።"

የቅኔው መምህር ምላሳቸውን ወደ ላንቃቸው ሰደዱ። ደምሌም ሰደደ። ሚስቱም በሩ ላይ እንደቆመች ጉንጯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ደጅ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ላንቃውን ይዳስሳል።

"አሉ" አሉ የኔታ።

"ጥርስ ሲሄድ እነሱ ብዙም አይሄዱም። የሰማያዊውን ሸንተረር በነጩ ሸንተረር ላይ ደርቤ ጥርሶቹን ሳይ፣ እውነቱ ይወጣል። ይኸውላችሁ።"

ሁሉም አየ። ሁለቱም ሄደዋል። ፊተኛው ወደ ኋላ፣ ኋለኛው ወደ ፊት፤ ክፍተቱን ከሁለት በኩል በልተውታል።

ልብ በሉ፤ ያን ሰዓት አፌ ባዶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። "ይኸው! ልክ እንደ ማሳችሁ!" ብዬ እጮህ ነበር። ማመሳሰሉ ከኔ አፍ ቢወጣ ደምሌ "አላልኋችሁም? ጥርስ ሲል መሬት ነው!" ብሎ ጠብመንጃውን ያነሣ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያበቃ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ሮዝ ጭቃ ውስጥ ተለሰነ። ስለዚህ ማንም ስለ መሬት አልተናገረም። በጉ ብቻ አንድ ጊዜ ጮኸ።

ደምሌ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳይነቅል፣ "የቱ ይበዛል?" አለ።

"የፊተኛው ይበዛል። ግን የኋለኛውም ቀላል አይደለም።"

ደምሌ ቀና ብሎ ከቤቱ በታች ያለውን ማሳ ተመለከተ። ከዚያ፣ ከሁላችን ይልቅ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ "ማሳው ላይ ታዲያ ላንቃው የቱ ነው?" አለ።

የኔታ በጣታቸው ወደ ማሳው ግርጌ አመለከቱ። "ጅረቱ ዳር ያለው ጥቁሩ ቋጥኝ አለ" አሉ። "ያን ጊዜ ገመዱ ሲጣል መነሻው እሱ ነበር። እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።"

"እስካሁን ምነው አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀን ልጄ? አንተ ካንተ ድንጋይ ትነሣለህ፤ ስመኘው ከራሱ ድንጋይ ይነሣል። እኛ የተጠራነው ልናስታርቅ እንጂ ልንለካ አይደለም።"

ደምሌ ተነሣ። ጠብመንጃውን ለሚስቱ ሰጠ። በጉን ፈታ። ትዕግሥትም ብረቱን ከአፌ ነቀለችው፤ የወጣው ድምፅ ከረግረግ የተነቀለ እግር ይመስል ነበር። "ይህኛው ጥሩ ወጥቷል" አለች ተደስታ። አፌ ነጻ ወጣ። እኔም አገጬን በጋቢዬ ጠርጌ በጉን ተከተልሁ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ፣ ወንድሜና ደምሌ ገመድ ይዘው ከቋጥኙ ተነሥተው ለኩ። የሣሩ ድንበር ድሮ የነበረበት ቦታ ሲገኝ ወንድሜ ማሳ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገባ፤ ደምሌ ማሳ ውስጥም ገባ። የበዛውን የበላው ወንድሜ ነበር። ሁሉም ወንድሜን አየው። እሱ መሬት መሬት እያየ ቆየና፣

"በሬዎቹ ናቸው" አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ደምሌ ነው። "እውነት ነው፣ የኔም በሬዎች እንደዚያው ናቸው!" አለ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ፤ ሳቁ ወንድሜንም ይዞት ሄደ። በጉ በወንድሜ ደጅ ታረደ፤ ሁለቱ ተሳሳሙ፤ የኔታ መረቁ። እኔም ከሰው ፊት በላሁ። ሥጋው ሽቦው ላይ ተሰካክቶ ሳስወጣ የልጆች መዝናኛ ሆንሁ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን የለወጠኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ቃል ማውጣት አቆምሁ፤ ሽግሽግን ካመጣሁ በኋላ ማንም ሊያምነኝ አይገባም። ነገርን መሸፈንም ተውሁ። ስለ ጅብ ስጽፍ ጅብ ሆነ። አዘጋጆቼ "ምነው ደነዝህ?" አሉኝ። አንዳንድ አንባቢ ስለ አንድ ድልድይ የጻፍሁትን አንብቦ "ድልድዩ ማን ነው?" ብሎ ደወለልኝ። ድልድይ ነው አልሁት፤ ቅር ብሎት ስልኩን ዘጋ። ክብሬ ቀነሰ፤ እንቅልፌ ግን ጥሩ ሆነ። ከዚህ ሁሉ የጠለቀው ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰው ጋር ስለያይ የሄደው ሁልጊዜ ሌላው ነበር። ወዳጆቼ ተለወጡ፣ አገሩ ተለወጠ፣ ዘመኑ ተበላሸ፤ እኔ ብቻ በቦታዬ ቆሜ ታዘብሁ። ስሜም ይርጋ ነውና መስሎኝ ነበር። አሁን ከሰው ጋር ስጣላ ሳላስበው ምላሴ ወደ ላንቃዬ ይሄዳል። ሲሄድ ደግሞ አፍ ይዘጋል፤ ይህም አንድ ጥቅም ነው። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብቡ ዘመዶቼ ይህን ለማረጋገጥ እንዳይደውሉ እለምናለሁ።

ትዕግሥት ያን ዕለት የወሰደችው ልክ ላይ ጀሶ አፍስሳ ደምሌ ደጅ ፀሐይ ላይ አደረቀችው። አዲስ አበባ ወስዳ በስካነር አስነበበችው፤ ጥናቷን ጨርሳ ተመረቀች። ምስሉ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ወዲህ ጀሶው አያስፈልጋትም ነበርና፣ ደምሌ ስጪኝ ብሎ ለምኖ ወሰደው። ዛሬ የኔ ጥርሶች፣ ሽቦአቸው ሳይቀር፣ ደምሌ ቤት ከበሩ ትይዩ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ ገብቶ "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቀው ደምሌ ወዲያው አይመልስም። እንግዳውን በደንብ አስቀምጦ፣ ጠላ ቀድቶለት፣ እስኪጠጣ ጠብቆ፣

"ይህማ ሰሙ ነው" ይለዋል። "ወርቁን ላሳይህ፣ ተነሥ" ይልና፣ ሣር ወደ በቀለበት ድንበር ይዞት ይወርዳል።